የእንጉዳይ ፌስታሎቼ አረንጓዴ ሆኑ (ስኳር ጨምሬ ነበር)

የሳቢያኗ
ሰላም ለዚህ ቤት። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። ጓሮ ባለች የቆርቆሮ ክፍል እንጉዳይ ልሞክር ብዬ 12 ፌስታል ሞላሁ። የማሽላ አገዳ ከዘመድ አስመጣሁ፣ ከተከትኩ፣ በበርሜል ቀቀልኩ፣ አጠነፈፍኩ። ዘሩን ልጨምር ስል ግን አሳዘነኝ። "አገዳ ምን ምግብ አለው፣ እንጨት አይደል እንዴ" ብዬ ግማሽ ኪሎ ስኳር በጥብጬ ረጨሁበት። በአምስተኛው ቀን ነጭ ነገር ብቅ ሲል እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በስምንተኛው ቀን 9ኙ አረንጓዴ ዱቄት የተነፋባቸው መሰሉ። እናቴ እስካሁን "ስኳሬን መልሺ" ትለኛለች።

ምን አጠፋሁ? ደግሞ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር አለ። እንጉዳይ ጥርስ የለው፣ ሆድ የለው፤ ድድ የሚያደማ አገዳ እንዴት ነው የሚበላው?

ሸዋ በር
ሐረር ነኝ፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እንጉዳይም አበቅላለሁ፤ ያበላሸሁት ካበቀልኩት ይበልጣል። ከሁለተኛው ልጀምር፣ የመጀመሪያው መልስ እዚያው ውስጥ ነው።

እንጀራሽና አገዳሽ የቅርብ ዘመድ ናቸው ብልሽ ታምኛለሽ? የእንጀራው ስታርችም የአገዳው ሴሉሎስም ግሉኮስ የሚባል ስኳር ተቀጣጥሎ የተሠሩ ናቸው። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። የስታርች ሰንሰለት ይጠማዘዛል፣ ምራቃችን ይፈታዋል። ዳቦ ብዙ ስታኝኪ ጣፈጥ የሚልሽ ለዚህ ነው። የሴሉሎስ ሰንሰለት ቀጥ ያለ ነው፤ ጎን ለጎን ተደርድሮ ስለሚጣበቅ ውሃ እንኳ መሃሉ አይገባም። ዙሪያውን ሄሚሴሉሎስ ያስረዋል፣ ሊግኒን ይለስነዋል። የጀጎልን ግንብ አስቢው፤ ድንጋዩ ሴሉሎስ፣ ጭቃው ሊግኒን።

እንጉዳይ ደግሞ ሆዱ ውጭ ነው። ነጫጭ ክሮቹ ኢንዛይም (ምግብ የሚፈታ ፕሮቲን) አገዳው ላይ ይተፋሉ፣ የሟሟውን ይመጥጣሉ። መጀመሪያ ላኬዝና ፐርኦክሲዴዝ የሚባሉት ጭቃውን ያላላሉ። ከዚያ ሴሉሎስ የሚፈታው የኢንዛይም ቡድን ይገባል። አንዱ ሰንሰለቱን መሃል ለመሃል ይቆርጣል። ሌላው ጫፉን ይዞ እየተጓዘ ሁለት ሁለት ስኳር ይመነጭቃል። ሦስተኛው ጥንዶቹን ይለያያል። መዳብ የያዘ አራተኛም አለ፤ ጥቅጥቅ ያለውን ገጽ በኦክስጅን እየሰነጠቀ ለሌሎቹ መግቢያ ያበጃል። ይሄኛው እንዴት እንደሚሠራ የታወቀው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፣ ትናንት ማለት ነው።

አሁን ወደ ስኳርሽ። ፈንገስ የተዘጋጀ ስኳር ካገኘ ሴሉሎስ ፈቺዎቹን መሥራት ይቀንሳል። በሩ ላይ ቅንጬ ቀርቦለት ማን ድንጋይ ይፈልጣል? ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ስኳር መብላት የሰፈሩ ሻጋታ ሁሉ ያውቃል፤ ሊግኒኑን አልፎ አገዳ መብላት የሚችለው ጥቂቱ ነው። አገዳው መጠንከሩ ነበር የእንጉዳይሽ ብልጫ። አንቺ ብልጫውን ቀማሽው።

አረንጓዴው ትራይኮደርማ የሚባል ሻጋታ ይመስለኛል። ክፉ ነው። የእንጉዳዩ ክር ግድግዳ ኪቲንና ግሉካን ከሚባሉ ጠንካራ ሰንሰለቶች የተሠራ ነው፤ ትራይኮደርማ ያንንም የሚያፈርስ ኢንዛይም አለው። ምግቡን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም ይበላዋል።

አቦ ከፊራ
መምህር ያላነሳው ነገር አለ። የዚያ አረንጓዴ ዘመድ ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰለሞን ደሴቶች ላይ የአሜሪካ ጦር ድንኳን እየበሰበሰ ሲያስቸግር፣ ጥጡን የሚበላው ፈንገስ ተለቅሞ ላብራቶሪ ገባ። ትራይኮደርማ ሪሴይ ይባላል። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ኢንዛይም ያመርቱበታል። ፈዘዝ ያለ ጂንስ አንዳንዱ በእንዲህ ዓይነት ኢንዛይም ታጥቦ ነው የሚፈዘው። ታይዋን ገበያ ልብስ ልትገዙ ስትገቡ አስቡት።

አቦ ገራባስ (የጫት ትራፊው)? ከተማው ገራባ በገራባ ነው፣ እንጉዳይ አይበላውም?

ሸዋ በር
ገራባውን ለፍየሎች ተውላቸው። ፍየሏም ብትሆን ሴሉሎስ የሚፈታ ኢንዛይም የራሷ የላትም። ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ናቸው የሚፈቱላት።

የሳቢያኗ፣ አረንጓዴዎቹን ክፍሉ ውስጥ እንዳትከፍቻቸው፣ ዱቄቱ የሻጋታው ዘር ነው። እንደታሰሩ አርቀሽ ጣያቸው። ቀጣይ ስትሠሪ ስኳር የለም። አገዳውን ስትጨብጪው ጠብታ ብቻ ይውጣ፣ የእንጉዳዩንም ዘር አትሰስቺ፣ ቀድሞ እንዲይዝ። እና ያ ቆርቆሮ! ፌስታሉ ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ በድሬ ፀሐይ ላይ ያ ሲጨመር ይቀቀላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ብትሞክሪ ይሻላል።

የሳቢያኗ
ድሬ ስለሆንኩ አንቱ አልልህም፣ እንዳትቀየም። የተረፉትን ሦስቱን አልጋዬ ሥር ከትቻቸዋለሁ። አንዱ ግን ጥጉ ላይ ቢጫ ውሃ አቁሯል። ልጣለው?

ሸዋ በር
ነጩ አልደፈረሰም? ሽታውስ? የእንጉዳይ ሽታ ካለው ተይው። ቢጫው ክሩ ሲጨነቅ የሚተፋው ነው። ከኮመጠጠ ግን ዛሬውኑ አውጪው፣ ሁለቱን ሳያስይዝ።