«በቁም ነው ያነጋነው» ሲሉ ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፦ ለኅዳር ሚካኤል ደቡብ ጎንደር ገጠር አያቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ቤተ ክርስቲያን አድረው ጠዋት ሲመለሱ «ማኅሌቱ እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ምን ማኅሌት አለ ልጄ፤ በቁም ነው ያነጋነው» አሉኝና ወደ ምድጃው ዞሩ። ቆመው ማደራቸውን ነው የነገሩኝ? ወይስ ቅር ብሏቸው ነው?

የድጓ ተማሪ፦ ቁም የዜማ ስም ነው እኅቴ። አንዱ ቃል መጀመሪያ ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል በቁም ይባላል፤ ቀጥሎ መቋሚያ ይዞ እየተወዛወዙ ይዘመማል፤ ከዚያ ከበሮ እየተመታ መረግድ፣ መጨረሻ ፈጠን ያለው ጽፋት። አያትዎ ያሉት «ከበሮ ሳይመታ ነጋ» ነው።

የጣና ዳር፦ አይመስለኝም። በእኛ አገር ማኅሌት «ይቆማል»፤ ሰዓታትም «ይቆማል»። እናቴ «ማኅሌት ቆሜ አደርኩ» ስትል ስለ ከበሮ አይደለም የምትናገረው። መነሻው ቅዱስ ያሬድ ነው፤ በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም አልተሰማቸውም። «ማኅሌት መቆም» ከዚያ መጣ።

የድጓ ተማሪ፦ ታሪኩን እወደዋለሁ፤ ግን የቃል ምንጭ አይሆንም። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» የሚለው ለሁሉም ነው። በአምላክ ፊት መቆም ከያሬድ በፊትም ነበረ።

ባለ መዝገብ፦ ሁለታችሁም ሩቅ ሄዳችሁ። «የቁም ከብት» ምንድን ነው? ያልታረደ፣ እንዳለ ያለ። «ቁም ጽሕፈት» ያልተጠላለፈ፣ ፊደሉ ለየብቻው የቆመ ጽሕፈት ነው። «የቁም ተዝካር» ሰውየው በሕይወት ሳለ የሚያወጣው ነው። ስለዚህ ቁም ማለት «ገና ምንም ያልተደረገበት» ማለት ነው፤ ቁም ዜማም ገና እንቅስቃሴ ያልተጨመረበት ዜማ። ከእግር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

የአቋቋም መምህር፦ ልጆቼ፣ ይህን የማኅሌት ዜማና እንቅስቃሴ ትምህርት ጎንደር፣ ታች ቤት በሚባለው ስልት፣ ተቀምጬ ዓመታት የተማርኩ ነኝና ታገሡኝ። ከእግር ጋር ግንኙነት የለውም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። የትምህርቱ ስም ራሱ አቋቋም ነው። ከሆነ አኳኋን፣ ከሄደ አካሄድ እንደሚወጣ፣ ከቆመ አቋቋም ይወጣል። የምንደገፍበት በትር መቋሚያ ነው። ሁሉም ከአንድ ግንድ ነው።

ባለ መዝገብ፦ መምህር፣ በአክብሮት ልጠይቅዎ። አቋቋም «የመቆም አኳኋን» ከሆነ ለምን የወረቡና የሽብሸባው ስም ሆነ? ቁም ዜማ ሳይንቀሳቀሱ የሚባል፣ አቋቋም ደግሞ የሚንቀሳቀሱበት! አንድ ግንድ ሁለት ተቃራኒ ፍሬ ያፈራል?

የአቋቋም መምህር፦ አያፈራም፤ ተቃራኒ አይደሉምና። የሚያሸበሽብ ሰው ቆሞ ነው የሚያሸበሽበው። ቦታውን ሳይለቅ፣ ሰልፉን ሳያፈርስ ግራና ቀኝ ይዘነበላል። የአቋቋም ስልቱ ተክሌ ሆነ ታች ቤት፣ ላይ ቤት ሆነ፣ ልዩነቱ በአዘማመሙ ላይ ነው፤ መቆሙ የጋራ ነው። ይህን ያላየ ሰው ከመጽሐፍ ብቻ አያገኘውም።

የጣና ዳር፦ እንግዲህ የእኔ እናት ትክክል ናት ማለት ነው።

የድጓ ተማሪ፦ እናትዎ ትክክል ናቸው፤ «ማኅሌት ቆምኩ» ሌላ፣ «በቁም» ሌላ። ያቺ «በ» ትለየዋለች። የዜማ ስልቶቹን «በግዕዝ፣ በዕዝል፣ በአራራይ» እንደምንል ነው «በቁም» የምንለው። ስለ እግር ቢሆን የጠያቂዋ አያት «ቆመን ነው ያነጋነው» ይሉ ነበር።

ባለ መዝገብ፦ «በእግር ሄድኩ» እንላለንኮ። «በ» ያንን ሁሉ ልትሸከም አትችልም።

ጠያቂ፦ አንድ ነገር ልጨምር። በማግስቱ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ገብቼ አየሁ። ከበሮው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ጠፍሩ ግን ላልቷል። ሁለት ቄሶችና አንድ ተማሪ ብቻ ነበሩ ያደሩት። መሪጌታው ወደ ከተማ ከሄዱ ሁለት ዓመታቸው ነው አሉ። አያቴ ግን ስሜታቸውን አልነገሩኝም፤ እኔ ማወቅ የምፈልገው ይህንን ነው።

የአቋቋም መምህር፦ ሁለት ቄስና አንድ ተማሪ! ነግሡን፣ የማኅሌቱን ዝማሬ፣ ማን መራ፣ ማን ተመራ? ቄሶቹ ሌሊቱን ቆመው ጠዋት መቀደስም አለባቸው። ለመረግድ ሰው አይበቃም፤ በሰዓቱ ማንጋታቸውም ብርታት ነው።

የጣና ዳር፦ መምህር፣ «ማንጋት» ነው ወይስ «ማስነጋት»?

ባለ መዝገብ፦ «ነጋ» ራሱ ተሻጋሪ ስላልሆነ «አነጋ» ይበቃል። «አስነጋ» ሲባል አልሰማሁም፤ የሰማችሁ ካላችሁ ከየት አገር እንደሆነ ንገሩኝ።