የብስክሌት መጠገኛ ስታንድ ለቤት፦ የቱ ይገዛ፣ የቱ ይሠራ?

የኮሪደር ልማቱ አዲስ አበባ መሀል ከተማ ላይ የብስክሌት መንገድ ካመጣልን ወዲህ ብስክሌት የገዛ ሰው በዝቷል። ጥያቄውም አብሮ መጣ፦ «ቤት ውስጥ ራሴ ልጠግን ብል ምን ዓይነት ስታንድ ይሻለኛል?» ስታንድ ስል ብስክሌቱን ከመሬት አንስቶ የሚይዘውን ማለቴ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ቆሚውንና እግሩን እዚሁ ብየዳ ቤት አሠሩ፤ ከውጭ የምታስመጡት ብስክሌቱን ጨብጦ የሚይዘውን መያዣ ብቻ ይሁን። ሙሉ ስታንድ ማስመጣት የሚያዋጣቸው ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱንም ወደ ታች እጠቅሳለሁ።

ጎማ ለማስለጠፍ ብቻ ከሆነ ግን ምንም አትግዙ። ጎሚስታ በየሰፈሩ አለ፤ መንገድ ዳር ከሚሠሩት የብስክሌት ጠጋኞች መሀል ደግሞ የተጣመመ ቸርኬ በዓይናቸው ብቻ እያዩ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ እያጠበቁና እያላሉ የሚያቀኑ አሉ። ያንን ሥራ ከእነሱ እጅ ለመንጠቅ አትቸኩሉ። ስታንድ ጥቅሙ የሚታየው ማርሽ ሲስተካከል፣ ካቴና ሲታጠብና ፍሬን ሲሠራ ነው።

ብዙዎቻችን የለመድነው ገልብጦ በኮርቻውና በመሪው ማቆም ነው። ለጎማ ይሆናል። ለማርሽ ግን አይመችም፤ መቀያየሪያው ወለሉ ላይ ተጭኖ ነው ያለው፣ የማርሹን ሽቦ ስታስተካክሉ ሁሉም ነገር በተቃራኒ ነው የሚታያችሁ። የዘይት ፍሬን ያለው ብስክሌት ደግሞ ተገልብጦ ከቆየ በዘይት ቋቱ ውስጥ ያለው አየር ወደ መስመሩ ሊገባ ይችላል፤ ከዚያ እጀታውን ስትጨብጡት ልል ይላል፣ አይዝም።

ቤቱ ለጠበበው፣ ለምሳሌ ልደታ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ለሚኖር ሰው፣ የኋላ ጎማ ብቻ ከመሬት ከፍ የሚያደርገው ትንሹ ማቆሚያ ይበቃዋል። ይታጠፋል፣ አልጋ ሥር ይገባል፣ ዋጋውም ከሁሉም ይቀላል። ሁለት ዓይነት አለው፦ አንዱ ቴላዮውን (የብስክሌቱን ዋና አካል) ከኋላ በኩል ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው የኋላውን ጎማ መሀል ዘንግ ከግራና ከቀኝ በመንጠቆ ይይዛል። የዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት ካላችሁ የመጀመሪያውን ምረጡ፤ በሌላው መንጠቆው ከዲስኩ ወይም ከዘንጉ ዓይነት ጋር የማይስማማበት ጊዜ አለ። ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ በመንጠቆ በሚይዘው የኋላ ጎማ ማውለቅ አይቻልም፣ በሁለቱም ጎንበስ ብላችሁ ነው የምትሠሩት። ካቴና ለማጠብና ማርሽ ለማስተካከል ግን ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ በተለይ ክረምት ላይ ጭቃ በነካው ቁጥር ለሚያጥብ ሰው።

ግድግዳ ላይ የሚታሰረውን ብዙ ሰው ይወደዋል፣ ወለል ስለማይዝ። እኔ ግን ለኮንዶሚኒየም አልመክርም። አብዛኛው ግድግዳ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው፤ ፊሸሩ የሚነክሰው ነገር የለውም። ጎረቤቴ ያሳሰረው ፔዳል ሲያጠብቅ ከነልስኑ ተነቅሎ ወጣ። ማሰር የግድ ከሆነ ኮንክሪት ኮለኑ ላይ ብቻ ይሁን፤ ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ከመብሳታችሁ በፊት አከራይ ጠይቁ። ገመድ ከጣሪያ አውርዶ ማንጠልጠልም አለ፤ ነፃ ነው፣ ግን ቡሎን ባጠበቃችሁ ቁጥር ብስክሌቱ እንደ ዥዋዥዌ ይወዛወዛል።

አሁን ወደ ዋናው። የቆሚውን ቱቦ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርዳችሁ ብትመርጡ ይሻላል፣ ያገለገለ ሆኖ ደህና የሆነ አይጠፋም። የምትፈልጉት ባለ 2 ኢንች የውኃ ቱቦ ወደ 1 ሜትር፣ በውስጡ የሚንሸራተት ባለ 1 ተኩል ኢንች ቱቦ ደግሞ ከዚያ አጠር ያለ። ጥቁሩን ቱቦ ውሰዱ። ጋልቫናይዝዱ ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጭስ ለበያጁ ጤና ጥሩ አይደለም፣ ማታውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሊለው ይችላል፤ ሌላ ከጠፋ የሚበየደውን ቦታ በግራይንደር አስጠርጉ። ሁለቱ ቱቦዎች መሀል ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ስለሚኖር በአንድ ቡሎን ብቻ ከታሰረ ይነቃነቃል። ስለዚህ ትልቁ ቱቦ ላይ ሁለት ዳዶ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ በመሀላቸው አንድ ስንዝር ትታችሁ አስበይዱና በሁለት ቡሎን ይጠበቅ። ከፍታውም የሚስተካከለው በዚሁ ነው። ማርሹ ሆዳችሁ አካባቢ ሲደርስ ልክ ነው፤ ወገባችሁ ያመሰግናችኋል።

እግሩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በያጁ አሮጌ የመኪና ቸርኬ አምጥቶ «ይሄ ከበቂ በላይ ነው» ይላችኋል፤ ለጃንጥላ ይሆን ነበር። ብስክሌቱ ግን የሚሰቀለው ከቆሚው 30 እና 40 ሴንቲሜትር ወጣ ብሎ ነው፣ ክብደቱም የሚያርፈው ከቸርኬው ጠርዝ ውጭ ነው። 15 ኪሎ ያለውን ብስክሌት ስትሰቅሉ አንድ ላይ ይዞት ይወድቃል። መፍትሔው በብስክሌቱ በኩል ሰፋ ብለው የሚወጡ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 70 ሴንቲሜትር የሚሆኑ ሁለት የቱቦላሬ እግሮች ናቸው፤ ከኋላ አንድ አጭር ይበቃል። ሦስት እግር ወለሉ ባይስተካከል እንኳ አይነቃነቅም፣ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ደግሞ ውኃ እንዲፈስ ተብሎ ዘንበል ያለ ነው። ከጫፋቸው ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አስገቡ፣ ሴራሚኩ እንዳይጫር።

መያዣውን ግን አታሠሩ። ሞርሳ ቆርጦ የሚበይድላችሁ ሰው ይገኛል፣ ነገር ግን ጥርሱ ብረት ነው፤ አልሙኒየም ቱቦ ያበላሻል። ጎማ የለበሰና በአንድ ማጥበቂያ የሚሠራ፣ የሚሽከረከር መያዣ ለብቻው ይሸጣል። ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ያለ ክርክር ይገባል። ለግድግዳ የተሠራውን፣ ባለ ጠፍጣፋ ሰሌዳውን ምረጡ፤ እዚህ ያለው በያጅ ቀዳዳውን ለክቶ፣ ከላይኛው ቱቦ ጫፍ ላይ በተበየደ ላሜራ ላይ በቡሎን ያስርላችኋል። መያዣው እጃችሁ ሳይገባ ላሜራውን እንዳታስበሱ።

ሲሰቀል የሚያዘው ኮርቻውን የተሸከመው፣ ከፍና ዝቅ የምታደርጉት የኮርቻው ቱቦ ነው እንጂ ቴላዮው አይደለም። የተለመደው ስፋት ከ25 እስከ 32 ሚሊሜትር ስለሆነ ማንኛውም መያዣ ይችለዋል። ካርቦን ቴላዮ በፍጹም አይጨመቅም። እየነዱ በማዘዣ ከፍ ዝቅ የሚል የኮርቻ ቱቦ ያላቸውም ተንቀሳቃሹን ክፍል እንዳያስነክሱ፤ ይልቅ ለስታንዱ የሚሆን ርካሽ የብረት ቱቦ ለብቻ ይያዙ።

ሙሉውን ማስመጣት የሚያዋጣቸው እንግዲህ የውድድር ብስክሌት ያላቸው ናቸው። የኮርቻ ቱቧቸው ክብ ካልሆነ ይሄ የኛ ስታንድ አይሠራላቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው ታችኛውን የቴላዮ ክፍል ደግፎ ፎርኩን ወይም የኋላውን የሚያስር ዓይነት ነው። ከአምራቾቹ ፓርክ ቱል፣ ፊድባክ ስፖርትስና ቶፒክ ደህና ስም አላቸው፣ የፓርክ ቱል መለዋወጫም ለብቻው ይሸጣል። ግን ብዙዎቹ ከ5 ኪሎ በላይ ናቸው፣ ከ23 ኪሎ ሻንጣ ላይ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ጂጂ በተባለው የመሸጫ ድረ ገጽና ቴሌግራም ላይም ያገለገለ ብቅ ይላል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ማጥበቂያውን አዙራችሁ ጥርሱ አልተበላም ወይ የሚለውን እዩ፣ የመያዣው ጎማ ካለቀ ግን ችግር የለም፣ ከላማዳሪያ ቆርጣችሁ ትጠቀልሉበታላችሁ።

ዋጋ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዛሬው ዋጋ ለወሩ አይቆይም። በያጁን ግን ብረቱን ራሳችሁ አምጡና በእጅ ሥራ ብቻ ተዋዋሉት፤ «ከነዕቃው» ያላችሁት ቀን ዋጋው እጥፍ ይሆናል።

አዲስ የተሠራውን ስትሞክሩ የብስክሌቱ ፔዳል አስቀድሞ መሬት ላይ ይላላ፤ ተሰቅሎ እያለ በሙሉ ኃይል ረጅም መፍቻ ከተጫናችሁ የትኛውም ስታንድ ይንገዳገዳል። ኤሌክትሪክ ብስክሌት ያላችሁ ደግሞ ባትሪውን ሳታወጡ አትስቀሉ፤ ከነባትሪው ከ20 ኪሎ ያልፋል፣ ብቻችሁን ለማንሳትም ይከብዳል።