«ደመ ነፍስ ኅሊናን ሲቀድም»፦ በፕሮፖዛሉ ሁለተኛ ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ (ደሴ)፦
የአውደ ጥናቱ ፕሮፖዛል ሁለተኛ ረቂቅ ለሁላችሁም ደርሷል። በጦርነት ልብ ወለድ ውስጥ ገጸ ባሕርያት ሳያመዛዝኑ የሚፈጽሙት ድርጊት እንዴት እንደሚጻፍ፣ አባላት በየራሳቸው ድርሰት የሚለማመዱበት የሁለት ቀን ፕሮግራም ነው። የአዳራሹና የበጀቱ ጉዳይ በሰብሳቢያችን ተይዟል፤ እዚህ ስለ ዓላማው ብቻ እንድንነጋገር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ነባር አባል (ደሴ)፦
በመግቢያው ላይ «ጦርነት በሰው ውስጥ የተኛውን አውሬ ይቀሰቅሳል» የሚለው ዐረፍተ ነገር እንዲወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። ገጸ ባሕርዩን አውሬ ካልነው ደራሲው ከዚያ ወዲያ የሚጽፈው አይኖረውም፤ አውሬን ለምን እንዲህ አደረግህ ብሎ የሚጠይቅ የለምና። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ውጊያው ወደ ከተማችን ሲቃረብ ቤቴን ለቅቄ ስወጣ በሩን ሁለቴ መቆለፌን፣ ቁልፉንም እንደ ወትሮው በኮቴ የውስጥ ኪስ መክተቴን ዛሬም አስታውሳለሁ። ግድግዳ የምንጋራቸው አሮጊት ትዝ ያሉኝ ግን ከከተማ የሚያስወጣውን የሐረጎን ቁልቁለት ከጨረስኩ በኋላ ነው። ሌላ ጎረቤት አውጥቷቸው ስለነበር ተርፈዋል። ሥነ ምግባር ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ይበልጥ ያሳፈረኝ መርሳቴ አልነበረም፤ «ለነገሩ እግራቸው አያስኬዳቸውም ነበር» የሚለው ማመካኛ ማንም ሳይጠይቀኝ አፌ ላይ መምጣቱ ነበር። ልብ ወለዱ መያዝ ያለበት ይህንን ይመስለኛል፦ እጅ ቀድሞ ይሠራል፣ ኅሊና ዘግይቶ ይደርሳል፣ ሲደርስም አንዳንዴ ጠበቃ ሆኖ ይቆማል።

አባል (ሐይቅ)፦
የጋሼን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ለንባብ ክፍለ ጊዜውም ከራሳችን ምድር የመቅደላን ታሪክ እንድንወስድ እጠይቃለሁ። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ አምባ ሥር ባለው እስላምጌ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ከእስረኞቹ ከፊሎቹን ከለቀቁ በኋላ፣ የቀሩት ምግብና ውኃ እያሉ ቢጮኹ በቁጣ ገንፍለው ብዙዎቹን አስገደሉ፤ ገደል የተወረወሩም ነበሩ። በማግሥቱ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ጦራቸው በእንግሊዞች ተሸነፈ፤ በሁለተኛው ቀን አውሮፓውያኑን እስረኞች መልቀቅ ጀመሩ። በአንድ ቀን ውስጥ የፈታውም የገደለውም አንድ ሰው ነው። በእኔ እምነት ለልምምድ የሚጠቅመን ገደሉ አይደለም፣ እሱን ማንም ይጽፈዋል፤ በመፍታቱና በመግደሉ መካከል ያሉት ጥቂት ሰዓታት ናቸው።

አባል (ወልዲያ)፦
በትሕትና አንድ ተቃውሞ አለኝ። ርእሱ ደመ ነፍስን ሁልጊዜ ከክፋት ወገን ያሰልፋል። ኤስ ኤል ኤ ማርሻል የተባለው አሜሪካዊ የጦር ጸሐፊ በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጠላት ጋር ከተፋጠጡ እግረኛ ወታደሮች ጠመንጃቸውን የተኮሱት ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ናቸው ብሎ ነበር። ቁጥሩን ያገኘበት መንገድ በኋላ በተመራማሪዎች ክፉኛ ስለተተቸ በፕሮፖዛሉ ውስጥ እንደ ማስረጃ እንዳይገባ እመክራለሁ፤ ጥያቄው ግን ለደራሲ ይጠቅማል። ትእዛዙም፣ የአገር ፍቅሩም፣ ምክንያቱም «ተኩስ» እያሉት ጣቱ እምቢ የሚለው ወታደር በየትኛው ድርሰታችን ውስጥ አለ? በእሱ ዘንድ ጨካኙ አእምሮው ነው፤ ሰው እንዲሆን የሚያደርገው ደመ ነፍሱ ነው።

ነባር አባል (ደሴ)፦
ልጄ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። እቀበላለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ (ደሴ)፦
የአውሬው ዐረፍተ ነገር ወጥቷል። የዓላማው አንቀጽ በሚከተለው ተተክቷል፦ «አውደ ጥናቱ በጦርነት ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ ከማሰቡ በፊት የሚያደርገውን፣ ካደረገው በኋላም ለራሱ የሚሰጠውን ምክንያት በአንድ ትዕይንት ውስጥ አገናኝቶ የመጻፍ ልምምድ ይሰጣል፤ ድርጊቱ ጭካኔም ሆነ ምሕረት ሊሆን ይችላል።» የመቅደላው ንባብ ለመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ተይዟል። ርእሱ ግን «ሲቀድም» ይባል ወይስ «ሲጋፋ» ገና አልተስማማንም፤ የሐይቋ እኅታችንና የወልዲያው ወንድማችን እስከ ረቡዕ አንድ አማራጭ ይዘው እንዲቀርቡ አደራ እላለሁ።