የእንግዴ ልጁ ደም ሥር ጠቧል ተባልን፤ እስከ ነገ መቆየት ይቻላል?

የመንዝ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ነፍሰ ጡር እህቴ ዛሬ ጠዋት በጤና ጣቢያ ስትለካ ግፊቷ 150/100 ሆኖ ተገኝቷል፤ በሽንቷም ፕሮቲን ታይቷል። ባለሙያዋ «ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት በሽታ ነው» ብላ ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ጽፋልናለች። እኔ እንደተረዳሁት የእንግዴ ልጁ የደም ሥሮች ጠበዋል። እናታችን ግን «ልጄ ደህና ናት፤ ነገ በጠዋቱ መኪና ትሄዳለች» በማለት ወደ ቤት ልትመልሳት ነው። የጠበበውን የሚያሰፋ መድኃኒት እዚሁ መሐል ሜዳ ከተማ ገዝተን ብንጀምርላት ጉዞው ሊቀር ይችላል ወይ? በር ላይ ቆመው እየተከራከሩ ስለሆነ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ከሥሩ ብንጀምር ይሻላል። የእናትና የፅንስ ደም አይቀላቀልም። የፅንሱ ደም በእትብቱ እየመጣ በእንግዴ ልጁ ቅርንጫፎች ውስጥ ይዘዋወራል፤ የእናትየው ደም ደግሞ በማህፀን ግድግዳ ካሉ ጠመዝማዛ የደም ሥሮች ወጥቶ ቅርንጫፎቹን ከውጭ ያጥባቸዋል። በጤናማ እርግዝና ከእንግዴ ልጁ የሚነሡ ሕዋሳት በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ጠመዝማዛዎቹ ዘልቀው ጡንቻማውን ግድግዳ ስለሚተኩት፣ ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ መኮማተርም ይተዋሉ። በፕሪኤክላምፕሲያ፣ በተለይም ቀደም ብሎ በሚጀምረው፣ ይህ ሥራ በጅምር ይቀራል። ስለዚህ መነሻው የእናትየው የማህፀን ሥሮች ናቸው እንጂ አንተ እንዳልኸው የእንግዴ ልጁ አይደሉም።

የሮቢት አትክልተኛ፦
መምህር፣ ልጅቱ በር ላይ ቆማለች እኮ፤ ደወል እስኪደወል ልትጠብቅዎት አትችልም። እኔ የሽንኩርት ገበሬ ነኝ፤ የቦይ አፍ ሲጠብ ውኃው ማነሱ ብቻ ሳይሆን እየተወረወረ መደቡን ይንዳል። ይኸም እንደዚያ ይመስለኛል። አሁኑኑ ትሂድ።

ጡረተኛው መምህር፦
ነገሩን በትክክል ይዘኸዋል። በጠባቡ አፍ በኃይል የሚወረወረው ደም ስሱን ቅርንጫፍ ይጎዳል። የተጎሳቆለው እንግዴ ልጅ ወደ እናትየው ደም የሚለቃቸው ፕሮቲኖች ደግሞ የመላ ሰውነቷን የደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን ያውካሉ፤ ግፊቱ የሚጨምረው፣ ኩላሊቷ ፕሮቲን የሚያሾልከው፣ ጉበትና አንጎልም የሚነኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ባለ ሁለት ልጅ፦
ባለቤቴ ጨውና ቡና ትታ በሰላም ወልዳለች። እህትህም ጨው ትተው፤ ሪፈር መጻፍ የዘመኑ ልማድ ሆኗል።

አዋላጅ ነርስ፦
ባለ ሁለት ልጅ፣ ጨው መተው ይህን በሽታ አያክመውም። የመንዝ ልጅ፣ የማህፀን ሥሮቹን መልሶ የሚያሰፋ መድኃኒት የለም። የግፊት መድኃኒት የአንጎል ደም መፍሰስን ለመከላከል፣ ማግኒዚየም ሰልፌት ደግሞ መንቀጥቀጥን ለመከላከል ይሰጣል፤ በሽታው መሻር የሚጀምረው ግን እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ነው፣ ያም ሆኖ ከወሊድ በኋላ ለሳምንታት ክትትል ያስፈልጋል። «ደህና ናት» የሚለውን አልቀበልም፤ ይህ በሽታ መጀመሪያ ላይ ላይሰማ ይችላልና። ስንት ሳምንቷ ነው? ራሷን ያማታል? ዓይኗ ይበዥባታል? ከቀኝ ጎድኗ በታች ያማታል?

ባለ ሁለት ልጅ፦
ጨው እንድትተው ደግሜ እመክራለሁ።

የመንዝ ልጅ፦
32 ሳምንቷ ነው። ራሷን ካመማት ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ምች ነው ብለን ዳማከሴ ስናጠጣት ነበር። ለባለሙያዋም አልነገርናትም። ዛሬ ደግሞ ብዥ ይልብኛል ትላለች።

አዋላጅ ነርስ፦
ይህ ምች አይደለም፤ በሽታው መክበዱን የሚያሳይ ምልክት ነው። አሁኑኑ ወደ ባለሙያዋ ተመልሳችሁ ይህንኑ ንገሯት፤ አምቡላንስ ትጥራ። ማግኒዚየሙ የመጀመሪያው መጠን እዚያው ሊሰጣት ስለሚችል፣ መሰጠቱና ሰዓቱ በሪፈር ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ገና 34 ሳምንት ስላልሞላት ለሕፃኑ ሳንባ የሚሰጥ መርፌ እንደሚኖርም እወቁ። በመንገድ ላይ በግራ ጎኗ ትተኛ። እናታችሁን ደግሞ አትቆጧቸው፤ አብረዋት ይሂዱ።

የመንዝ ልጅ፦
እናታችን እሺ ብላለች። አምቡላንሱ ተጠርቷል።

የሮቢት አትክልተኛ፦
የመንዝ ልጅ፣ ከትናንት ጀምሮ እየጠበቅሁ ነው። እህታችን ደብረ ብርሃን ደረሰች ወይ?