47ኛው ሴል ብቻ ለምን ይወድቃል? ሙቀት ነው ወይስ የላላ ማያያዣ?

ሰላም፣ የባትሪ ጥገና የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ፣ 96 ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ነው። ከአዲስነቱ አቅም የቀረው 74 በመቶ ነው።

መኪናው ቆሞ ሲያድር የሴሎቹ የቮልቴጅ ልዩነት 8 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ፔዳሉ ተረግጦ 200 አምፒር ሲሳብ ግን 47ኛው ከሌሎቹ በ210 ሚሊቮልት ይወርዳል፤ እግር ሲነሳ ወዲያው ይመለሳል። በፈጣን ቻርጅ ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ይላል። ይህ ወደ 1 ሚሊኦም የሚጠጋ ትርፍ የኤሌክትሪክ መቋቋም (resistance) ማለት ነው፤ በ200 አምፒር 40 ዋት ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይፈጠራል። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ፀሐይ ላይ የሚውል ባትሪ እንደሚያረጅ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አሁን ከ80 በመቶ አላሳልፈውም። ግን ሙቀት ቢሆን አጎራባቾቹንም አይነካም ነበር?

ጥያቄዬ፦ ጥቅሉን ሳልፈታ የሴሉን እርጅና ከላላ ወይም ከዛገ የማያያዣ ብሎን የምለይበት መንገድ አለ? መፍታት ግድ ከሆነስ፣ የአገልግሎት ማቋረጫው (ለጥገና ሲባል የባትሪውን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያቋርጠው መሰኪያ) ከተነቀለ በኋላ በማያያዣው ላይ ስንት ሚሊኦም ሲነበብ ነው ጤነኛ የሚባለው? ብሎኑን እንዲሁ በግምት ማጥበቅ አልፈልግም።