ምጥ ላይ ዱውላ (ወላዷን ከጎኗ ሳትለይ የምታግዝ ባለሙያ) መያዝ ጥቅም አለው?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)፦ ሰላም እህቶች፣ 34ኛ ሳምንቴ ነው የመጀመሪያዬም ነው፣ እናቴ ቪዛ ተከልክላ መምጣት አልቻለችም ባሌ ደሞ ደም ሲያይ ያዞረዋል፣ ነርስና ዶክተር እያለ ዱውላ ምን ትጨምርልኛለች?

መልስ 1፦ በሽልም ያውጣሽ የኔ እህት። ነርሷ እኮ ሌላም ሰው አለባት፣ ትገባለች ትወጣለች፣ ዱውላ ግን ካንቺ አትነሳም። የኔዋ ምጡ ሲመጣ ወገቤን ከታች በሁለት እጇ ጥብቅ አርጋ ትጫንልኛለች፣ ለቀቅ ሲያረገኝ ውሃ በስትሮ ታጠጣኛለች፣ 14 ሰዓት ሙሉ እንደዛ። የሜሪላንድ ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅ ላሉ ሰዎች የሆነው የመንግስት የጤና መድን) ከፈረንጆቹ 2022 ጀምሮ ዱውላን ይሸፍናል፣ ካለሽ ጠይቂ።

መልስ 2፦ አዲስ አበባ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ዱውላ አታዋልድም መድኃኒትም አትሰጥም፣ ይሄ ይለይ። ግን በፈረንጅ 2017 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው) ግምገማ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተካፈሉባቸውን ጥናቶች አይቶ፣ ምጥ ላይ ሳይለያቸው የሚያግዛቸው ሰው ያላቸው በኦፕራሲዮን የመውለድ እድላቸው እንደሚቀንስ ምጡም እንደሚያጥር ነው ያገኘው። እኛ ጋ ብዙ ቦታ ቤተሰብ በር ላይ ይቀራል፣ በጣም ያሳዝነኛል፣ ድሮ ቤት ሲወለድ እኮ ጎረቤቱ ሁሉ ማርያም ማርያም እያለ ከጎኗ ነበር።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ አስለቀሳችሁኝ። ነገውኑ እደውላለሁ። እዚህ አካባቢ አማርኛ የምትችል ዱውላ የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ።