96 ነጥብ ያገኘው ጌም ቤቴ ውስጥ አቧራ ጠጣ፤ ለእረፍቱ የቱን ልግዛ?

ባለ ጌም ቤቱ (ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ።

ሽምብጥ ውስጥ አነስ ያለች ፕሌይስቴሽን ቤት አለችኝ። ሁለት ፒኤስ 4፣ አንድ ፒኤስ 5። ፒኤስ 5ቱን አምና ነው ከሰው እጅ የገዛሁት። አሁን የግማሽ ዓመቱ ፈተና ሊያልቅ ነው። ልጆቹ እረፍት ሲወጡ ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ይሞላል። ለዚያ ብዬ የሁለት ጌም መግዣ ቆጥቤያለሁ። ከሁለት በላይ አቅም የለኝም። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ "70 ዶላር" ሲሉኝ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የቤት ኪራዩ ነው። ስለዚህ መሳሳት አልፈልግም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ የተቺዎችን ነጥብ እናንተ እንዴት ነው የምታነቡት?

እኔ እስከ ዛሬ ቁጥሩን አይቼ ነበር የምገዛው። ሜታክሪቲክ (የተቺዎችን ነጥብ ሰብስቦ ከመቶ አማካዩን የሚያወጣው ድረ ገጽ) ላይ 75 እና ከዚያ በላይ ያገኘ አረንጓዴ ነው፣ እገዛዋለሁ። ቢጫ ከሆነ አልፈዋለሁ። ቀዩን ዞር ብዬም አላየው። ኤልደን ሪንግን የገዛሁት በዚህ መንገድ ነው። በፈረንጆቹ 2022 ሲወጣ ዓለም ያበደለት ጌም ነው። 96 ነጥብ። ፒኤስ 4 ላይም ይሠራል። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ነበር።

መጀመሪያ የተቀመጠበት አንድ ሊስትሮ ልጅ ነው። ሳጥኑን በር ላይ አስቀምጦ ገባ። የግማሽ ሰዓት ከፈለ። ከዋሻው ወጥቶ ሜዳው ሲከፈትለት ወርቅ የለበሰ ፈረሰኛ መንገዱ ላይ አለ። ልጁ ሄደበት። አንድ ምት፣ ሁለት ምት፣ ሞተ። ተነሳ፣ ሄደበት፣ ሞተ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንዲሁ። መጨረሻ ላይ ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ከመሞት ሌላ አያውቅም?" አለኝ። ገንዘቡን መለስኩለት። አልቀበልም አለ፣ ግድ ብዬ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። የጫማ ቀለም የነካው ጣቱ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ጌሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ማታ ቤቱን ዘግቼ ብቻዬን ስጫወተው ደስ ይለኛል። ያ ትልቁ የወርቅ ዛፍ ከየትም ቦታ ይታያል። ጣና ላይ በጀልባ ስትሄድ ከተማዋ በየት በኩል እንዳለች መቼም እንደማይጠፋህ ሁሉ፣ እዚያም አትጠፋም። ግን ይሄ የሚገባህ ሃያ ሰላሳ ሰዓት ስትሰጠው ነው። እኔ ጋ የሚመጣ ልጅ ደግሞ ያለው የግማሽ ሰዓት ሂሳብ ነው።

አሁን የኳሱን ጌም ተመልከቱ። ፊፋ የሚለው ስም በ2023 ከቀረ ወዲህ ኤፍሲ ነው የሚባለው። ኤፍሲ 25ን ተቺዎቹ 70ዎቹ ውስጥ ነው ያስቀመጡት። "ካለፈው ዓመት ብዙ አልተለወጠም" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን የቤቴን ኪራይ የሚከፍለው እሱ ነው። ልጆቹ አዲስ ነገር ፍለጋ አይመጡም። ትናንት ያሸነፋቸውን ልጅ ፍለጋ ነው የሚመጡት። የሁለቱ ጆይስቲኮች የግራ ጎማ ተልጦ ፕላስቲኩ ወጥቷል፤ ሁሉም የኳስ ሩጫ ነው። አንድ ትንሽ ልጅ ብቻ የቡድኖቹን ዝርዝር እስከ ታች ወርዶ "የጣናው ሞገድ የለም እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። ባሕር ዳር ከነማ እዚያ ውስጥ የለም። ምን ልበለው?

ሌላም አለ። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት አንድ የመኪና ጌም ነበረኝ። ነጥቡ አሪፍ ነው። ያለ ኔት ግን አልነሳ አለ፣ ዲስኩ ጌጥ ሆኖ ከረመ። ካነበብኳቸው ትችቶች አንዱም ይሄን ከቁም ነገር ቆጥሮ አልጻፈውም።

አሁን ዓይኔ ያረፈባቸው፦ ኤክስፔዲሽን 33፣ ስፕሊት ፊክሽን፣ አስትሮ ቦት፣ ሲልክሶንግ፣ ኤፍሲ 26። የተጫወታችሁ ካላችሁ ስለ ጌሙ ብቻ ሳይሆን እንደኔ ያለ ቤት ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል ንገሩኝ።


የፖሊ ተማሪ

ባለ ጌም ቤቱ ወንድማችን፣ ከዘረዘርካቸው ሁለቱን ጨርሻለሁ። በጓደኛዬ ላፕቶፕ ነው፣ ዶርም ውስጥ።

ኤክስፔዲሽን 33ን አትግዛ። ይሄን የምለው በጣም ስለምወደው ነው። ሞንፐልዬ ያለ የፈረንሳይ ስቱዲዮ የሠራው ነው። ሚያዝያ 2025 በፈረንጆቹ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ። ይገባዋል። ውጊያው እንደ ገበጣ ተራ በተራ ነው። ግን ተራህ ባልሆነ ጊዜም እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥም። ጠላት ሰይፉን ሲያወርድ ልክ በሰዓቱ ከተጫንክ ምቱን ትመልሰዋለህ። እኔ በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነበር የምጠብቀው። አንተ ቤት ሦስት ቴሌቪዥን እየጮኸ ማን ይሰማል?

ታሪኩ ደግሞ መክፈቻው ላይ ያስለቅሳል። በየዓመቱ አንዲት ግዙፍ ሴት ድንጋይ ላይ ቁጥር ትጽፋለች፤ ያ ዕድሜ የሞላቸው ሁሉ እንደ አበባ ቅጠል በነው ይጠፋሉ። ሰዎቹ ወደብ ላይ ተሰብስበው ይሰናበታሉ። አበባ አንገታቸው ላይ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው። እኔ እዚያ ጋ ስደርስ ያሰብኩት የጣናን ወደብ ነው፤ ጠዋት ጀልባው ሲነሳ እጃቸውን የሚያውለበልቡትን ሰዎች። ጌሙን አቁሜ ወጥቼ ተመለስኩ። ይሄን ግማሽ ሰዓት ለከፈለ ልጅ ትሸጥለታለህ? ወሬው በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ነው፣ ብዙ ይነበባል። ለራስህ ማታ ማታ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ግዛው።

ሲልክሶንግ 20 ዶላር ብቻ ነው። ከአውስትራሊያ ነው፤ የሠሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። በ2019 አስተዋውቀው መስከረም 2025 ላይ አወጡት። እጅግ ያምራል፣ እጅግም ይከብዳል። ብዙ ጠላት አንዴ ሲነካህ የሁለት ምት ያህል ይቀንስብሃል። ራሳቸው ሠሪዎቹ ገና በሳምንታት ውስጥ መጀመሪያ አካባቢ ያሉትን አንዳንድ አለቆች (ከባድ ጠላቶች) ቀለል አደረጓቸው። ያንተ ሊስትሮ እዚህም ይሞታል።


የሁለት ልጆች እናት

ወንድሜ፣ ስፕሊት ፊክሽንን ያዝ።

እኔ ከጌም ጋር ብዙም አልነበርኩም። ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ይዞት መጣና "ያለ አንቺ አይከፈትም" አለኝ። እውነትም አይከፈትም። ሁለት ሰው ካልሆነ አይሠራም። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ አንዷ ሚዮ፣ አንዷ ዞዊ ነው። ሁለቱም ደራሲዎች ናቸው። አንዷ የወደፊቱን ዓለም ትጽፋለች፣ አንዷ የድሮ ተረት። አንድ ድርጅት ሐሳባቸውን ሊሰርቅ ማሽን ውስጥ ይከታቸዋል።

ተቺዎቹ ከ90 በላይ የሰጡት በየሃያ ደቂቃው አዲስ ነገር ስለሚያመጣ ነው። እውነት ነው። አሁን ዘንዶ ላይ ነህ፣ ቆይተህ ሞተር ሳይክል ላይ፣ ቆይተህ አሳማ ነህ። ታሪኩን ግን አላጋንንም፤ ወሬያቸው አንዳንድ ጊዜ ችክ ይላል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ወንድሜ ሲወድቅ እጠብቀዋለሁ፣ እኔ ስወድቅ ይጠብቀኛል። "አሁን! አሁን ዝለይ!" እያለ ሲጮህ ጎረቤት በር አንኳኳ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚያ አብረን ስቀን አናውቅም።

ልጆቹ የኳስ ተቃዋሚ ፍለጋ ነው የሚመጡት ብለሃል። እስኪ አንድ ጊዜ በአንድ ወገን አሰልፋቸው። ለሁለት ሰው የአንድ ሰዓት አድርገህ ሽጠው፤ ግማሽ ሰዓት ያንስበታል። ብሩ ካልበቃህ የዚያው ስቱዲዮ ኢት ቴክስ ቱ አለ። የ2021 ነው፣ ፒኤስ 4 ላይ ይሠራል፣ ከሰው እጅ ርካሽ ይገኛል።

አስትሮ ቦትን ልጄ ሞቶለታል። አሸዋ ላይ ሲሄድ ጆይስቲኩ እጅህ ላይ አሸዋ ይሆናል፣ ብረት ላይ ሲሄድ ብረት። 94 ነጥቡ አይበዛበትም። ግን የአንድ ሰው ጌም ነው። ሌላው ልጅ ቁጭ ብሎ ተራ ሲጠብቅ ጠብ ይነሳል፤ ከቤቴ አውቀዋለሁ።


ጠጋኙ

ነጥብ ስታነብ ሁለት ነገር ፈልግ። የትኛው ማሽን ላይ ተጫወተው? መቼ ጻፈው?

ሳይበርፐንክ 2077ን አስታውስ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2020 በፈረንጆቹ ወጣ። ቀድሞ ለተቺዎች የተሰጠው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነበር። እነሱም በጥሩ ኮምፒውተር ተጫውተው ጥሩ ነጥብ ሰጡ። አልዋሹም። ፒኤስ 4 ላይ የገዛው ሰው ግን የተሰበረ ነገር ነው የደረሰው። ሳምንት ያህል ቆይቶ ሶኒ ከመደብሩ አወረደው፤ የተመለሰው ሰኔ 2021 ነው። በ2023 ደግሞ ትልቅ ማሻሻያ ወጣና አሁን በጣም ግሩም ጌም ሆኗል። ያ ማሻሻያ ግን ፒኤስ 4 ላይ የለም። ስለዚህ ዛሬ "ሳይበርፐንክ ተስተካክሏል" የሚል ጽሑፍ አንብበህ ለፒኤስ 4ህ ብትገዛ ትከስራለህ። ፍርዱ ልክ ነው፣ ያንተ ማሽን ግን እዚያ ፍርድ ውስጥ የለም።

ኔት ላይ ብቻ የሚኖር ጌም አትንካ። ኮንኮርድ የሚባል የተኩስ ጌም በፈረንጆቹ ነሐሴ 23 ቀን 2024 በ40 ዶላር ወጣ፣ መስከረም 6 ተዘጋ። ሁለት ሳምንት። ለገዢዎች ገንዘባቸው ተመልሷል፤ ጌሙ ግን የለም።

ሁልጊዜ ዲስክ ግዛ። ካልሆነልህ ትሸጠዋለህ።


የድሮ ደንበኛ

ወንድሜ፣ ኳስና ኳስ ብቻ ሆነ ወሬው። ድብድቡስ?

ስትሪት ፋይተር 6 ፒኤስ 4 ላይ ይሠራል። የ2023 ነው። ተቺዎቹ ከ90 በላይ ሰጥተውታል፤ በዚህ እኔም እስማማለሁ። ተከን 8 ጥሩ ነው፣ ግን ፒኤስ 4 ላይ አይገባም። ስትሪት ፋይተር ላይ "ሞደርን" የሚባል አያያዝ አለ። ውስብስቡን ምት በአንድ ቁልፍ ያወጣልሃል። ጆይስቲክ ይዞ የማያውቅ ልጅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እሳት ይወረውራል። አንድ ዙር 99 ሰከንድ ነው። ሁለት ዙር ያሸነፈ አሸነፈ። የተሸነፈ ይነሳል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። ሒሳቡን አንተ ታውቀዋለህ።


ባለ ጌም ቤቱ (ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

እግዜር ይስጣችሁ። ሦስቴ አነበብኩት።

ኤፍሲ 26ን ተውኩት። ልጆቹ 25ን አልጠገቡም፤ ለአዲስ ማልያ ይህን ያህል ብር አላወጣም። ስትሪት ፋይተር 6ን ከሰው እጅ አገኘሁ፤ ሽፋኑ ትንሽ ተሰንጥቋል፣ ዲስኩ ንጹሕ ነው። ትናንት ማታ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ሞከርነው። አስር ጊዜ አሸነፈኝ፣ አስራ አንደኛውን እኔ ወሰድኩ። ከዚያ ወዲያ አልሄድም ብሎ እናቱ መጥታ ነው የወሰደችው።

እህቴ፣ የአንድ ሰዓቱን ምክር ተቀብያለሁ። ስፕሊት ፊክሽን በሳምንቱ መጨረሻ ይደርስልኛል። ፒኤስ 5ቱን ወደ ጥግ፣ ከኳሱ ጩኸት ራቅ አድርጌ አዛወርኩት። ሁለት ወንበርም ጎን ለጎን አደረግሁ፤ ድሮ አንድ ነበር። ጆይስቲኮቹን አዲስ ጎማ አለበስኳቸው።

ተማሪው፣ ኤክስፔዲሽንን ለራሴ ከፋሲካ በኋላ አስብበታለሁ። የወደቡን ነገር ስትጽፍ ውስጤን ነካህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ጠዋት ያን ሊስትሮ ልጅ ጊዮርጊስ አጥር ጥግ አየሁት። ጫማ እያስጠረግሁ "ቅዳሜ ና፣ አዲስ ድብድብ አለ፣ የመጀመሪያው ዙር በኔ ነው" አልኩት። ብሩሹን ሳያቆም "ፈረሰኛውስ አለ?" አለኝ። የቱ ፈረሰኛ አልኩት። "ወርቁ። እሱን እኮ አልጨረስኩትም።"

አለ አልኩት። ማታ ዲስኩን ከመደርደሪያው አውርጄ አቧራውን ጠረግሁ። ቅዳሜ ሁለተኛው ፒኤስ 4 ላይ ይገባል።